ሹል ብረት

ከወላንጪቲ ሲመጡ፣ የአዳማ መግቢያው ላይ፣
ሁለት በርሜል፣ አንድ ገመድ፣ ቆርቆሮ ከበላይ፣
እኔ ደግሞ ከሥሩ፣ ከነፋሱ ጋር ስተያይ።

መሣሪያዬ ፌሮ ነው። ጫፉን በድንጋይ የሳልኩት።
ሽንኩርት ወግቼበታለሁ፤ የማሽላ ጆንያ ወግቼበታለሁ፤
አንዴ የሙሽራ ፍራሽ ወግቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ ነቀልኩት።
ያለ ድምፅ ከገባ፣ «እለፍ» እላለሁ።

ከሰል ግን ድምፅ አለው፤
ስብር የሚል፣ ቀጭን፣ የደረቀ ሣቅ የሚመስለው፤
እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር ለይቼ የማውቀው።

ሙክታር የሚባል የመኪና ረዳት ሲያየኝ ይስቃል፤
«ባዶ ነን ጋሽ እንግዳወርቅ፤ እንኳን ከሰል፣ ሐሳብም የለን» ይላል።
ሰባት ኬሻ ከሸራው ሥር። እኔ ስጽፍ እሱ ጎማ ይረግጣል፤
ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሚስቴ አራስ ናት» ብሎ ይጨምራል።

«ሞጆ ደረቅ ወደብ አለን» ይላል ሬዲዮው በየማለዳው።
ይኑረን። እኔ የማውቀው ደረቅ ወደብ ግራር ነው።
ቦቴው ከጅቡቲ ሲዘገይ፣ ሲሊንደሩ ከሱቅ ሲጠፋ፣
ባሕር የሌላት አገሬ መልሕቋን እሾህ ሥር ትጥላለች፤
ከመተሐራ ወዲያ ማዶ፣ ሜዳው በየዓመቱ እየሰፋ፣
ግንዱን አፈር አልብሳ፣ ሦስት ሌሊት ትጠብቃለች።

ወንጂ ላይ አንድ ልጅ ነበር፣ ጉተማ የሚሉት፤
የአገዳ ገለባ ጨምቆ ከሰል ሲያደርግ ያየሁት።
ጥቁር ኳስ ሰጠኝ፣ «ሞክራት» አለ፤ ሞከርኳት፤ ነደደች እስከ ማታ።
ከዚያ ማሽኑ ተሰበረ። መለዋወጫው ወደብ ላይ ነው፤
«ዶላር ሲፈቀድ» ይለኛል፣ ባገኘሁት ቁጥር፣ በሰላምታ ፈንታ።

ዱሬቲ የመጣችው ሐሙስ ነው፣ በሁለት አህያ።
ሀብታሚቱ ማለት ነው ስሟ፣ በኦሮምኛ፤
ግራና ቀኙ ግን የየራሱ ባለቤት የነበረው የጎማ መጫሚያ።

«ውረስ» አለችኝ ሳልጠይቃት፤ «ግራሩንስ ድርቁ አልወረሰው?
ያከሰልኩት እኮ ሬሳውን ነው፤ ቆሞ የሞተውን፣ እንደ ሰው።»

ፌሮዬን አነሣሁ። የኬሻው አፍ በቅጠል ተጠቅጥቋል፤
ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ወዙ ጣቴ ላይ ተጣብቋል።
«ሬሳ ነው ያልሽው?» አልኳት።
አልመለሰችም። ዓይኗ ትከሻዬን አልፎ፣
ከኋላዬ ወዳለው ማንደጃ ሄደ።
የሻይ ማፍያዬ ፈልቶ ክዳኑን ያንገጫግጫል፤
ከሥሩ የሚነደው ያለፈው ሳምንት ውርስ ነው፤
የመዝገቡ ቁጥር እንኳ ትዝ ይለኛል።

አንዱን ኬሻ ወረስኩ፣ አንዱን መለስኩላት፤
ለሕጉም አልበጀሁ፣ ለእሷም አልሆንኳት።
ያተረፈ ቢኖር አንደኛው አህያ ነው፤
ባዶ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ሄደ።

ማታ ሰፈሬ ጨለማ ነው። ከኮረብታው ጫፍ ላይ ግን
የነፋስ ተርባይኖቹ ይዞራሉ፣ ነጭ፣ ረዣዥም፣ የማያልባቸው፤
ነፋሱ የእኛ፣ ኮረብታው የእኛ፤
ሽቦው በቤቴ አናት ያልፋል፣ ሌላ ቦታ ነው ቀጠሯቸው።

እቴነሽ ከሱቅ ገዝታለች፣ በላስቲክ የተቋጠረ፤
ሳፈሰው ሰማሁት፣ ያው ድምፅ፣ ያው ስብር፣
በእኔው ገመድ ሥር የተሻገረ።
አንዱን ቁራጭ አንሥቼ በስልኬ መብራት አየሁት፤
ቀለበቶቹ አልጠፉም።
እሳት ያልበላውን ዕድሜ በጥፍሬ ቆጠርኩት።
አሥር። አሥራ አራት። አንድ ቀጭን፣ የክፉ ዓመት ይሆናል።
ሃያ ሁለት።
ልጄ ገና ሃያ አልሞላትም።

«ምን ትቆጥራለህ?» አለችኝ እቴነሽ፤
«ሽሮው ውኃ ሆኖ ቀረ፣ ጨምር እንጂ።»

ጨመርኩት።
ስብር አለ።