አምስት ቀለበት

ቻይሺያ ማለት ባገራችን አፍ
ፀሐይ ስትገባ የሚቀላ ጫፍ፣
የደመና ጫፍ። እንዲያ ነበር ጉንጯ ሲቀላ
ድንች ስትገለብጥ ከፍሙ ኋላ።

ዩናን ተራራ ላይ፣ ቤታችን መሐል፣ ምድጃው ጉድጓድ፣
ጭሱ መውጫ የለው፣ አያውቅም መንገድ፤
ሲፈልግ በጣራው፣ ሲፈልግ በበሩ፣
ሲያሻው በሰው ሳንባ፤ እሱ ነው መንደሩ።

ከላይ የአሳማ ጭን በገመድ ተሰቅሎ አለ፣
ሦስት ክረምት የጠቆረ፣ ሦስት ክረምት የበሰለ።
«ጭስ የጠጣ ሥጋ ዕድሜው ረጅም ነው» ትል ነበር እናቴ።
እውነቷን ነው፤ ጭኑ ዛሬም አለ ከቤቴ።
እሷስ ሥጋ አልነበረች? ከሥሩ ቁጭ ብላ
ሃያ ዓመት ስትጨስ
ለምን ሳትቆይ ቀረች፣ አርባዋን ሳትሞላ?

ከሰሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ከቁልቁለቱ ሆድ፣
በቅርጫት፣ በጀርባዬ።
የሚያጨሰው ርካሽ ነው፣ የማያጨሰው ውድ፤
ረከሰልኝ ብዬ።
የቀርከሃ ጋያ ከልጅነቴ ሳንቆረቁር የኖርኩ እኔ፣
ትንባሆ በከንፈሯ ያልነካች እሷ፤
እኔ አለሁ፣ ይኸው፣
ሳሉ የሷ ሆነ፣ አልጋውም የራሷ።

ኦውያንግ የምትባል ልጅ ከከተማ መጣች።
ሳጥን ነበራት፤ ውስጡ ነጭ ወረቀት አነጠፈች፣
«ድመቷ እንዳትነካው» ብላ ከምድጃው ጎን አስቀመጠች።
ማታ እንደ ሩዝ ነጭ ነበር።
ጧት ስናነሳው የሌሊት ወፍ ክንፍ።

ስሙን ነገረችን፣ ቤንዞፓይሪን፤ ምላሴ እምቢ አለ።
እርሳስ አወጣች፣ ሣለች፦
ባለ ስድስት ማዕዘን፣ ከጎኑ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ፣
ጉርብትናቸው የጠበቀ፣ ግድግዳ የተጋሩ፣ የንብ ቤት የመሰለ።
«ቀለበቶች ናቸው» አለች።
«ከሰል በወጉ ሳይነድ ሲቀር ይወለዳሉ።
ገላ አጥቦ ሊያወጣቸው ሲል ጥርስ ያበቅላሉ፣
የዘር ክር ይነክሳሉ።»

ቆጠርኩ። አምስት።
ላንዲት ሴት አምስት ቀለበት!
እኔ ያሰርኩላት አንድ ነው፣ ብር፣ ያውም በብድር የገዛሁት፤
ከሰል ግን ሽማግሌ ሳይልክ፣ ጥሎሽ ሳይጥል ላባት ቤት
አምስት አሰረላት።
የኔው ጣቷ ላይ ቀረ፣
የሱ ዘለቀ እስካጥንት።

«ማሩስ?» አልኳት። «የንብ ቤት ከሆነ ማሩስ የት አለ?»
ሳቀች። ከዚያ አልሳቀችም።
«ሰም ብቻ ነው» አለች፤
ወርቁን አልነገረችም።

ዘንድሮ ጣራውን በሳሁት፤
ጡብ በጭቃ አያይዤ፣ ቱቦውን ሽቅብ አቆምኩት።
ግድግዳውን በማጭድ ጀርባ ፋቅሁ። ጥቀርሻው በቁና ተሰፈረ፤
ከሥሩ ጭድ ወጣ፣ የሠርጋችን ቀይ ወረቀት ቁራጭም ነበረ።
አንድ ቦታ ብቻ አልነካሁም፣
ከምድጃው ስትነሳ መዳፏን የምታሳርፍበትን፤
አምስት ጣት ነው እሱም።

ልጄ ሩዎላን ደጅ ቆማ ሽቅብ ታያለች።
ጭሱ ካዲሱ ቱቦ ወጣ፣ ተንጠራራ፣
ነፃ የወጣ እስረኛ መሰለኝ፤ ጥቂት አመነታ፣
ከዚያ ጎንበስ አለ ወደ ጎረቤት ማሳ፣
በጎመኑ ላይ፣ በዳክዬው ኩሬ፣ ቀስ ብሎ ሲገባ
«አባ» አለችኝ፣
«ከኛ ቤትስ ወጣ፤ አሁን ማንን ሊያገባ?»