በግራ በኩል ያለው

ጀህራ፣ ሐሙስ ማታ። ጨዋታው ካለፈ ሦስት ቀኑ፤
ዲዋኒያው ግን ዛሬም እንደ ገበያ ይንጫጫል።
«በረኛው ነው የሸጠን!» ይላል አቡ ፈላሕ
መቁጠሪያውን እያንቃጨለ።
«ዳኛው ነው እንጂ!» አጎትየው፤
«አሰልጣኙ!» ሌላው ቀጠለ።
በጎረቤት መሸነፍ
ከባዕድ ሽንፈት ይመራል፤
ድንበር ማዶ ያለው አማች
ሌሊቱን ሙሉ ይደውላል።

እኔ ሻይ አቀርባለሁ። ስኳር ሁለት፣ ስኳር ሦስት።
አይቼዋለሁ እኮ፣ ያን ዕለት፣
ትሪ ይዤ በሩ ላይ፦
ሦስቱ ተከላካዮች ወጡ፣ የግራው ብቻ ተኛ፤
አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ ያላስባለው
እሱ ነው፣ ምን ያድርግ ዳኛ?

ኮምቦልቻ፣ በቀበሌው ቡድን፣
ያ ቦታ የኔ ነበር።
የወንድሜ ታኬታ፣ ጫፉ ጨርቅ ታጭቆበት፤
አሰልጣኝ ይመር ከመስመር ዳር፦
«ሽቱ! ውጪ! እግርሽ ሥር ሰደደ እንዴ?»
እዚህ ሽቱ የሚለኝ የለም።

ትናንት ግቢ ውስጥ አንሶላ ሳሰጣ
ትንሹ ሚሻሪ ኳሱን ይዞ መጣ።
በነጠላ ጫማዬ አፈሩ ላይ መስመር ስቤ
«ኳሷ ስትለቀቅ አንድ እርምጃ ውጣ፣
ከዚያ እጅህን አንሣ!» አልኩት
በስብርባሪ ዐረብኛ።

ዛሬ ከሽማግሌዎቹ መሐል ብድግ አለ፦
«የግራው ተከላካይ ኋላ ቀርቶ ነዋ!»
ዝም። መቁጠሪያው እንኳ ቆመ።
«ማን ነገረህ?»
አየኝ። ትሪውን አየሁ።
«ራሴ ነኝ ያየሁት።»
አባቱ ግንባሩን ሳመ።

ኩሽና። ብርጭቆ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ።
ሳላጥባቸው ትሪው ላይ ደረደርኩ፤
አንዱን በር ላይ፣ አራቱን ከፊቱ።
የግራው ትንሽ ቀርቷል።
በጣቴ ጫፍ፣ ቀስ አድርጌ፣
ገፋሁት።