ሽቦ

"ወስደህ ሞክረውና ካልሆነህ መልሰው"፤
ተማም ነው ያመጣው፣ ከብት የሚያክመው ሰው።
ፈረንጅ መሐንዲስ ትቶት የሄደ ቴሪየር፣
ፀጉሩ እንደ ሽቦ፣ ዓይኑ የማይታሰር።

እኔ ሰዓት ሠሪ፣ መርካቶ በረንዳ፣
ትንፋሼን የምውጥ ሞላ እንዳይፈነዳ፤
ቤቴ ኮቺ ሰፈር፣ አራት በሦስት ክፍል፣
እንግዳ ከመጣ እኔ ደጅ የምውል።

በመጀመሪያው ቀን የአከራዬን ጎመን
ነቀለው ከነሥሩ፣ አይጥ ሸተተኝ ብሎ።
በማግስቱ ጫማዬን።
በሦስተኛው ቀን የጅማ ዝናብ ነው፣ መውጫ የለም፤
ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ፣
ከልኩ በላይ እንደ ከረረ ሞላ።

ወይዘሮ ዘርትሁን በመስኮት አዩንና
"ልጄ፣ እሱ ምን አጠፋ" አሉኝ፤
"ፍቅርህን መች ጠየቀህ፣ እግርህን ነው የፈለገው።"

እግሬን ሰጠሁታ!
ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ባጃጅ ሳይነሳ፣
ሮጥን እስከ ቦዬ በዚያ ሁሉ ጭቃ፤
እኔ ምላሴ ወጥቶ፣ እሱ ምንም ሳይመስለው።
ሱቅ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል፤
ከወረንጦዬ ያመለጠች የደንበኛ ብሎን
እስካሁን አልተገኘችም።

በስምንተኛው ቀን እኔው ራሴ ወሰድኩት
ሰርቦ፣ የተማም ወንድም እህል መጋዘን፤
አይጡ በየጆንያው፣ ግቢው ዳር የለውም።
ገመዱን ስፈታው ዞሮ እንኳ አላየኝ።
ልክ ነበር።
ቅር አላለኝም ብል ግን ውሸት ነው።

አሁንም በሌሊት፣ አሥራ አንድ ሲል ገና፣
ከነቃሁት ቀድሞ እግሬ ይነሳና
በሩ ሥር ይቆማል።
የሚጎትተው የለም።