የባሻ ድንቄሳ ሚዛን

ከሰበታ ወጥቶ፣ ካባውን ተሻግሮ፣
የባሻ ድንቄሳ ቤት ነው፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ።
ፈቃድ በኪሴ አለ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
ላንድ ጎሽ፣ ላንድ ብቻ፣ ሠላሳ ቀን የተሰጠበት።

«ጠመንጃ ይምረጡልኝ» አልኩ ገና ከደጁ፣
ቀና ብሎም አላየኝ፣ ዘይት ነክቶታል እጁ።
«ለማን?»
«ለእኔ ነዋ።»
«አንተንማ አየሁህ፣ አንተን አልጠየቅሁም፤
ጥይቱ ለማን ነው? እሱን ሳላውቅ አልመርጥም።»

«ለጎሽ» አልኩት። ያን ጊዜ ጨርቁን ከጉልበቱ አስቀመጠ፣
ጫማዬን አየ፣ ወገቤን አየ፣ ትከሻዬ ላይ ፈጠጠ።

ከአልጋው ሥር ሳጥን ሳበ፤ በጋቢ ጠቅልሎ ያስተኛቸውን
ገለጠ አንድ በአንድ፣ እየጠራ ስማቸውን፦
«ይህ ውጅግራ፣ አንድ ጎራሽ፣ የአያቶች መዘዝ፤
ጭሱ ከጎሹ በፊት አንተን ነው የሚያፍን፣ የሚያፈዝ።
ይህ በልጅግ፣ ስምንት ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣
ለሰው የተሠራ ነው። ሰው ደግሞ ቆዳው ስስ ነው።
ይቺ ምንሽር ናት፣ ለድኩላ ደግ ናት፣ አትበጅ ለዚያ።
ይህ ግን ሦስት ሰባ አምስት ይሉታል፤ ወባ የያዘው ፈረንጅ
ለመኪና ኪራይ አስይዞ የተወው በእኔ እጅ።»

ልቤ ግን ምንሽሯ ላይ ነው፤ እንጨቷ ጠጅ የመሰለ፣
ለፎቶ፣ ለሠርግ ቤት ደጃፍ፣ ዓይን ያማለለ።
እጄ ወደ እሷ ሲሳብ አየ። ምንም ሳይል ሚዛን አመጣ፣
ከባለሱቋ የተዋሳትን፣ በርበሬ ከሳህኗ ያልወጣ።
በአንዱ ጎን የምንሽሯን ጥይት፣ በሌላው የከባዱን ጣለ፤
ቀጭኗ ሽቅብ ወጣች፤ እንደ ሐሜት ቀለለች።
«ሩቅ ትሄዳለች ይቺ፣ ሮጣ ታፏጫለች፤
ጎሽ ግን ለፉጨት አይወድቅም።»

የበርበሬው ብናኝ አስነጠሰኝ። «ይማርህ» አለ፣ አልሳቀም፤
«እዚያ ብታስነጥስ ግን ይማርህ የሚልህ የለም።»

ከዚያ የግራ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፤
ቅልጥሙ የተሰበረ ወይራ ነው፣ ተጣሞ የበቀለ።
«ዴዴሳ ነው። ይቺን ምንሽር፣ ለትከሻዬ ቀላል ናት ብዬ ወድጄ፣
ፉከራውን ከእሷ አስቀድሜ፣ በሌሊት ወንዝ ወርጄ።
መታሁት። አጥንት ላይ ተጣመመች። ጎሹ አልጮኸ፣ አልወደቀ፤
ዞሮ ገብቶ ከቁጥቋጦው፣ እንደ አበዳሪ ጠበቀ።
ፊት ፊቴ ይሄድ የነበረው ገለታ…»
ስለ ገለታ ሌላ አላለም። ሱሪውን መልሶ አቧራውን መታ።

«ተነሥ አሁን፣ ትከሻህን አምጣ።» ከባዱን አስታቀፈኝ፤
ሰደፉ ከአጥንቴ ገጠመ፣ ክብደቱ ወደ መሬት ሳበኝ።
«ይረግጥሃል፣ እንደ በቅሎ። ቻለው። አንድ ነገር ልንገርህ፦
አንተን ያልመታ ጠመንጃ ጎሹንም አይጥልልህ።
ጥይቱ ሰባት ነው የቀረኝ፤
ሁለት ለመለማመጃ፣ ሁለት ለጎሹ፣ ሁለት ለሳትከው፤
ሰባተኛዋን መልሳት፤ እሷን ካጎደልክ እየሸሸህ ነው የተኮስከው።

በል አነጣጥር።» ባዶነቱን ሁለቴ አየ፣ ጣቱን ከተተ፤
ወደ ምሥራቅ አነሣሁት፤ አፈሙዙን በመዳፉ ጎተተ።
«ባዶ ቢሆንም አይሆንም። ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛው ፎቅ ላይ
ልብስ የምታሰጣ ልጅ አለች። ዙር፣ ወደ ታች በኩል እይ።»
ወደ ታች፣ የአበባ እርሻው፦ «ሴቶቹ የሚወጡበት ሰዓት ነው።»
ወደ ካባው፦ «ጫኞቹ አልሄዱም። ያ ባለ ቀይ ኮፍያ የእህቴ ልጅ ነው።»
ወደ ወጨጫ ዞርኩ። ተራራው ያው ነው፣ ጉም ያረፈበት ትከሻው፤
ቆርቆሮ ግን ወገቡ ደርሷል፣ ያብለጨልጫል ከግርጌው።
«እዚያ ጋ፣ አንቴናው ካለበት» አለ ባሻ «በደርግ መጨረሻ፣
ከዚች ወንበር ሳልነሣ ድኩላ ጥያለሁ፣ በይቺ ምንሽር፣ ወደ ማምሻ።»

ጠመንጃው ተመረጠ። ኪራዩን ተስማማን። ካፊያ ጀመረ።
ክንዴ ዝሏል፤ ዓይኔ ሰው የሌለበት ቦታ ፍለጋ ዞረ።
ከወንበሩ ላይ ባሻ፣ እግሩን እያሻሸ፣
«ቆይ» ይለኛል፣ «አትሳብ፤ ገና ሰው ያልፋል።»
እንዲሁ መሸ።