የተዋስኩት ጆሮ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ኖሬ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በጣት ነበር ወሬ፤
በቅንድብ ሰላምታ፣ በመዳፍ «ና ብላ»፣
ማሽኑ እያጓራ የሰው ቃል ሲበላ።
ፈረቃዬ አልቆ ቦርከናን ስሻገር
ማሽኑን ጥዬው ነው፤ እሱ ግን አብሮኝ ነበር፣
ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀጭን ፉጨት ሲፈትል፣
ትራሴ ላይ አድሮ ሲያጠነጥን፣ ሲተለትል።

ለዚያ ነው መሰለኝ
ዝም ማለት የሚያውቅ ዕቃ መሥራት ያማረኝ።

ትራንስፎርመሩን ከደሴ ነው ያመጣሁት፣
ሰኞ ገበያ ላይ ከእንድሪስ ቁራሌው በኪሎ የገዛሁት፣
እንደ ሥጋ መዝኖ፣ አጥንቱን ሳይቀንስ።
ሐረጎን ስንወርድ ጭኔ ላይ ታቅፌው፣ ሚኒባሱ ሲያነክስ፣
ጉም መስኮቱን ልሶ፣ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ «ምንድነው ጋሽ እሱ?»
«ማሲንቆ ነው» ብለው ሳቀ ሚኒባሱ።

ሳጥኑ ዋንዛ ነው፤ የጠረበው ይማም
«ቀፎ ነው?» ብሎኛል፤ ብዙም አልተሳሳተም።
ያንዱን ስፒከር ወረቀት አይጥ ቀምሶት ነበር፤
በሲጋራ ወረቀት፣ በሙጫ፣ በእልህ ጠገንኩት ከዳር እስከ ዳር።
አራቱ ቫልቮች ከወታደር ሬዲዮ የተፈቱ፣
እንደ ሽማግሌ፣ ፀሐይ ሳይሞቁ የማይጫወቱ።
ከድጃ ምርር ብሏት፦
«ውሽማ ብትይዝ ይሻለኝ ነበረ፤
እሷ እንኳ መብራት አትበላ፣ ሳሎኔም ሳሎን ሆኖ በቀረ።»

ከዚያ አንድ ቅዳሜ።
ካሴቱ ስም የለው፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ «የሠርግ» ይላል ብቻ።
መጀመሪያ የመጣው ዜማ አይደለም፤ ሳል ነው። የወንበር ሲጥታ።
አዝማሪው ክሩን ሲያጠብቅ፣ ጭራው ሙጫ ሲነክስ፣
ከኋላ አንድ ሰው «በሩን ዝጉት» ሲል፣ ሌላው ሲያነጥስ፤
ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።
ቤቴ እንግዳ ሞላው፤ ወንበር አልበቃ ብሎ እኔም አልተቀመጥኩም።
አንቺሆዬው ሊነሳ ሲል
የክንዴ ፀጉር ቀድሞት ተነሳ።

ረውዳ ብቅ አለች፣ ደብተር በብብቷ፣
አሥራ ሦስት ዓመቷ።
«አባዬ፣ ይሄ እስስስ የሚለው ምንድነው?»
«የቱ?»
«ይሄ! አሁንም። እባብ የሚመስለው።»

አጠፋሁ። አበራሁ። ሽቦ ነካካሁ።
ከሳጥኑ አፍ ላይ ጆሮዬን ደቅኜ ምንም አልሰማሁ።
ለካ እስከ ዛሬ
ዝም ያለው ዕቃው አይደለም፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።
«ማሲንቆውም ይወጋል» ብላ ደገመችልኝ፣
«እንደ መርፌ።»
ሦስት ዓመት ሙሉ ቀጭኑን ድምፅ ሳዞር፣ ሳከር፣
ለራሴ ጆሮ ስል ቤተሰብ ስወጋ ነበር።

እጇን ይዤ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳት፤
ካቻቢቴውን ጨብጬ፣ ተንበርክኬ፣ ትእዛዝ ጠበቅኳት።
«ቀንስ አባዬ። ትንሽ። አሁንም። እንደሱ አይደለም! መልስ። እሺ... እዚጋ።»
በቀነስኩ ቁጥር ማሲንቆው ከእኔ ራቀ፣
የሐረጎን ዳገት ይዞ ወደ ጉሙ ተጠጋ፤
የቀረኝ ወፍራሙ ብቻ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያወራ ጎረቤት።
ረውዳ ግን ዓይኗን ጨፈነች።
ነጠላ ጫማዋ ወልቆ፣ አውራ ጣቷ ምንጣፉን ሲመታው
እኔም ዜማውን ከዚያች ጣት ላይ ቆጠርኩት።

መብራት ሄደ ያኔ፤ በዜማው መሀል፣ እንደ ልማዱ።
ጨለማው ሲረጋ ያ የሽመናው ፉጨት መጣ በመንገዱ።
«ረውዳ፣ ይሄን ትሰሚዋለሽ?» አልኳት።
«የቱን?» አለች።
«ይሄ...»
«ምንም የለም እኮ። አብሽር አባዬ» ብላ ሳቀች።

ከጓዳ ከድጃ ሻማ ፍለጋ
መሳቢያ ታተራምሳለች፣ ማንኪያ ከሹካ ስታላጋ፤
እሱን
ሁለታችንም ሰማን።