አንድ ጥርስ

ሪዮ ማዮ ላይ ነፋስ ወሬ አይሆንም፤
ሰው የሚያወራው ያልነፈሰ ቀን ነው።
ቆርቆሮዬ ሲጮህ፣ በሚያዝያ ማለዳ፣ ሴፌሪና መጣች
የባሏን አሮጌ ፎርድ እንደ እምቢተኛ በግ እየነዳች።
ከሰላምታ በፊት፦ «ሰባ ላይ ይንዘፈዘፋል፤ ከሰባ በታች ዝም፤
ሰማንያ ላይ ይተወዋል ይላሉ፤ እኔ እዚያ አልደርስም።»

አስፋልቱ ላይ ወጣን። ሽቦ አጥር፣ ጓናኮ፣ ሰማይ።
ስልሳ። ስልሳ አምስት። መጣ፣ ልክ ሰባ ላይ፣
ከወንበሬ ሥር፣ እንደ በግ መሸለቻ ማሽን እያጓራ።
መሪ ሲርድ የፊት ጎማን ነው የምጠራ፤
ወንበር ከራደ ግን ጣጣው ከወገብ በታች ነው።
ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጌ፣ ለቁልቁለቱ ሰጠሁት፤
ሞተሩ ወደ ሹክሹክታ ወረደ፣ መንቀጥቀጡ ግን ባለበት።
ሞተሩን በነጻ አሰናበትኩ፤ ፍሪሲዮኑንም አብሬ።
ክሱ ወደ ኋላ ዞረ።

ጎማዎቹን ከኋላ ወደ ፊት አዛወርኩ፤ ያው ሰባ፣ ያው ልፊያ።
ክሪኩን አስነሥቼ፣ ካርቶን አንጥፌ፣ ተንጋልዬ ገባሁ።
ክሮቼራዎቹን ጨብጬ ጠመዘዝኩ፤ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፤
ንቅንቅ የሚል የለም፤ ግራሶው ገና እንደ ማር ይስባል።
የመሃሉን ኩሽኔታ ጆሮዬን አስጠግቼ አዞርኩት፤
አላጉረመረመም።
ዘንጉን በጠመኔ ለካሁት፤
አልጎበጠም።

ከሥር ሆኜ የሚታየኝ የሴፌሪና ጫማ ነው፣
የባሏ ቦት፣ ሁለት ቁጥር የሚሰፋት።
«እጄ መስሎኝ ነበር» አለ ጫማው።
«ኤቫሪስቶን ከቀበርን ወዲህ ይንቀጠቀጣል፣
ማቴ ስቀዳ፣ ቁልፍ ስፈልግ፣ ባንክ ቤት ስፈርም።
ኮሞዶሮ ድረስ ሄጄ ሐኪም አሳየሁት፤
ምንም አላገኘበትም።
መኪናው ይሆናል ብዬ ያሰብኩት ትናንት ነው።»

ከቀበርን ወዲህ።
ባትሪዬን ዘንግ ከዘንግ ወደሚሰካበት አቀረብኩ፣
ጥርስ ጥርስን ወደሚነክስበት።
ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁ። ሁለት ነጥብ፣
ኤቫሪስቶ በብረት ሹል የወቀራቸው፣
አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ፤
ከሱ በኋላ ለሚመጣ እጅ የተወው ደብዳቤ፦
ስትገጥሙ፣ እኛን አስተያዩን።
አልተያዩም።
በአንድ ጥርስ ተላልፈዋል።

ይህን ዘንግ መጨረሻ የፈታው ማነው?
ፍሪሲዮኑ የተበላው በለቅሶው ሰሞን ነው፤
ካምቢዮ ለማውረድ ደግሞ ዘንግ መፍታት ግድ ነው።
ሌሊቱን፣ በአንድ አምፖል፣ ነገ ሬሳውን የሚጭን ሌላ መኪና አልነበረምና፣
ሳንቲም ሳልቀበል፣ ለወዳጄ ብዬ፣
አፍንጫዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ የገጠምኩት
እኔ ነኝ።
በማግስቱም ማንም አላወቀብኝ፤
ሬሳ ተጭኖ ሰባ ማን ይነዳል?

ሳብኩት። አንድ ጥርስ አዞርኩ። ነጥብ ለነጥብ።
መዶሻ እንኳ አልጠየቀም።
ከካርቶኑ ላይ ተነሥቼ ነገርኳት፣
ቃል ሳላስቀር፤ ለካ ቃሉም ብዙ አልነበረም።
ቦቷን አየች። ከዚያ ቁልፉን ከእጄ ወሰደች።

እሷ ነዳች፤ እኔ ጎኗ ተቀመጥኩ።
ስልሳ። ሰባ። አመድ መድፊያው ውስጥ ያሉት ሳንቲሞች
ዝም።
ሰባ አምስት።
ቀኝ እጇን ከመሪው አንሥታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ፣
በመስታወቱ ብርሃን ላይ ያዘቻት፣ ለረጅም ጊዜ።
ትንሽ ትንቀጠቀጣለች።
«ይቺ እንግዲህ የኔ ናት» አለች፣
አራተኛ ማርሽ አስገባች።