አሥራ ስምንት ሺህ አምስት መቶ

ቱሉ ዲምቱ መታጠፊያ፣ ሲሚንቶ ከሚራገፍበት፣
አዲስ ሱቅ ተከፍቷል፣ የሕፃናት ዕቃ ያለበት።
መስተዋቱ ከአቧራው ጋር ገና አልተላመደም፤
እግሬም ሳይቆም በዚያ በር አንድ ቀን አልሄደም።

እግሩ ረጅም፣ ጀርባው ቀጥ፣ እንደ አዲስ ተሿሚ ኮራ ያለ፣
ከፊቱ የምትነቀል ገበታ፣ ከጎኑ ቀበቶ ያንጠለጠለ።
ዋጋው በትንሽ ወረቀት፣ አፍሮ እንደተጻፈ፤
ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዜሮው አንድም አልረገፈ።

ሻጩ ልጅ አፉ ቅቤ ነው፤ «እህቴ» አለኝ፣ «አትቸኩዪ፤
ከስድስት ወር እስከ አሥር ዓመት ነው፤ ብሎኑን ፈትተሽ እዪ።
ስታድግ ደግሞ ገበታው ወልቆ ለጥናት ይሆናታል።»
አሥር ዓመት! አከራዬ የስድስት ወር ቃል መስጠት ይከብዳታል።

ማታ ሒሳቡን ያዝኩት፤ በኪራይ አካፈልኩት፣ በጤፍ መነዘርኩት፣
በዳይፐር፣ በጋዝ ሲሊንደር፤ እንዳይከብደኝ በወር ሸነሸንኩት።
አሰግድ ሳቀ፦ «እኔ በእናቴ ጭን አድጌ ምን ጎደለኝ?» አለ።
ምንም አልጎደለህም።
የጎደለው የእሷ ምሳ ነው፣ አንተ እስክትጠግብ በርዶ የዋለ።

ይህን ግን አልተናገርኩም፤ ቁጥሩን ብቻ ደግሜ ደመርኩ፤
ምን እንደምገዛም ያን ሌሊት በጣቴ ቆጠርኩ፦
ሁለት እጅ።
አንዱ ለማንኪያዋ፣ አንዱ ለራሴ ጉርሻ፣
የወሊድ ፈቃዴ ካለቀ ወዲህ ያላገኘሁት ድርሻ።

እኛ የምናስቀምጣት ሳፋ ውስጥ ነው፣ በትራስ ተደግፋ፤
ውሃ በመጣ ቀን ግን ከዙፋኗ ትወርዳለች፤ ለልብስ ይፈለጋል ሳፋ።

ጎረቤቴ ትርሲት ሰምታ፦ «በዚህ ብር ፍየል አትገዢላትም?
ወንበር ወተት አይሰጥ!» አለች፤
ፍየሏ አራተኛ ፎቅ የት እንደምታድር ግን አላሰበችላትም።

ገመቹን፣ አናጢውን፣ ከአስፋልቱ ማዶ ሞራሌ ሲልግ አግኝቼው፣
«በሦስት ሺህ ሁለት መቶ» አለኝ፣ ሥዕሉን በስልኬ አሳይቼው።
«ቀበቶውስ?» አልኩት። «እሱ ከአሮጌ ሻንጣ ይወጣል፤
አንቺ ብቻ ቀብድ ጣይ፣ በሳምንቱ ቤትሽ ይመጣል።»

ቅዳሜ ጠዋት ቀብዱን በቦርሳዬ ይዤ፣ ኤልዳናን አዝዬ፣
እግሬ ወደ ሱቁ ወሰደኝ፤ ለመሞከር ብቻ ብዬ።
ሻጩ አስቀመጣት። ቀበቶው ጠቅ አለ። ብስኩት ሰጣት።
እኔ ከፊቷ ቆምኩ፤
እንዴት ልበል፣ ያኔ ነው ልጄን ያየኋት።

ምግብ ከጀመረች ሦስት ወር፣ በጭኔ ስትበላ
የማውቀው አናቷን ነበር፣
የጸጉሯን አዙሪት፣ የማጅራቷን ጠረን።
ለካ በግራ ድዷ ነው የምታኝከው።
ለካ ከመዋጧ በፊት ቅንድቧን ታነሣለች፣
እንደ አባቴ፣
የመብራት ቢል ሲያነብ እንደሚያደርገው።
አባቴን ያላየች ልጅ ቅንድቡን
ከየት አምጥታ አነሣችው?

«ልጠቅልለው?» አለ ሻጩ።
እሷ ወረቀቱን ነቅላ እየበላችው ነበር፤
ከአሥራ ስምንቱ ሺህ ላይ አምስት መቶው ረጥቧል።
«እመለሳለሁ» አልኩት።
ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ
እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ማታ ሳፋው ደረቅ ነበር። ትራሱን ደገፍኩላት፤
እሷ ካልወጣች እኔ ልውረድ ብዬ
ሲሚንቶው ላይ በጉልበቴ ተንበረከክሁ።
አንድ ማንኪያ ለሷ፣ አንድ ለኔ፤
ሽሮው ገና ትኩስ ነበር።
ቅንድቧ ተነሣ።

አሰግድ በሩ ላይ ቆሞ «እንግዲህ ከወጪ ተረፍን?» አለ።
አላውቅም።
ጉልበቴን ወለሉ አቀዝቅዞታል፤
ነገ ውሃ ከመጣ ሳፋው ይፈለጋል።
የገመቹ ቀብድ ከቦርሳዬ አልወጣም፤
የሻጩም ቁጥር ከስልኬ አልተሰረዘም፤
ጠረጴዛው ላይ፣ ከብስኩቱ ፍርፋሪ ጋር፣
የታኘከ ወረቀት አለ፤ ዋጋው አይነበብም።